«አንተ ታውቅበታለህ»

የወላጅ መምህር ኅብረት ውስጥ አንድ የሂሳብ ባለሙያ ከተገኘ ነገሩ አለቀ፤ ገንዘብ ያዡም፣ መዝጋቢውም፣ ተቆጣጣሪውም እሱ ይሆናል። «አንተ ታውቅበታለህ» ይባላል። አደራ መስጠት ይመስላል፤ ለእኔ ግን የራሳችንን ስንፍና በሰው ትከሻ ላይ መጫን ነው። የሙያው ሥነ ምግባር ደንብ እኮ አንድ ሰው ራሱ ያዘጋጀውን ሂሳብ ተመልሶ ኦዲት እንዳያደርግ ይከለክለዋል። ሐቀኛ ሰውም ቢሆን የገዛ ስህተቱ አይታየውም። (እኛም የጻፍነውን ኮድ ሌላ ሰው ሳያየው አናስገባም፤ ቢያንስ ደንቡ እንደዚያ ይላል።)

ከባዱ ይሉኝታው ነው። በሙያ ማኅበሩ ስብሰባ ስለ ኦዲተር ነጻነት ሲከራከር የሚጨበጨብለት ሰው፣ ልጁ ትምህርት ቤት ሄዶ «ደረሰኞቹን ሌላ ሰው ይይልኝ» ሲል ወላጆቹ ይቀየሙታል። «ምነው፣ ማን ጠረጠረህ?» ይሉታል። ደረሰኞቹን እንደያዘ ስብሰባው ወደ አጥሩ እድሳት ያልፋል።