የጠባሳ ምስክርነት

ድሬ ዳዋ ባሕር የላትም፤ ነገር ግን በ1895 ዓ.ም. ባቡር ከጂቡቲ ከደረሰባት ወዲህ የባሕር ወሬ ርቋት አያውቅም። በዚያው በጂቡቲ አጠገብ፥ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ፥ ከጥቅምት እስከ ጥር ግድም ነጠብጣባም ግዙፍ ሻርኮች ይመጣሉ፤ ከእነርሱም ጠባሳ ያለባቸው ብዙ ናቸው። ይህን ያህል ቍስል ተሸክሞ መዳን እንዴት ይሆናል?

ሻርክ በሰውነቱ የጨው አያያዝ ይለያልና አስቀድሞ አጥንት ያለውን የባሕር ዐሣ እንመልከት። በተነከሰ ጊዜ ጕዳቱ ደም መፍሰስ ብቻ አይደለም። የሰውነቱ ውሃ ከባሕሩ ይልቅ ጨው ያነሰው ስለ ሆነ፥ ቆዳው ሲቀደድ ውሃው ይወጣል፥ ጨውም ይገባል፤ በውሃ መካከል ሳለ በጥም ይሞታል ቢባል ሐሰት አይሆንም። ስለዚህ በቍስሉ ዳር ያሉት የቆዳ ሕዋሳት፥ እንደ እኛ ቅርፊት እስኪደርቅ ሳይጠብቁ፥ እየተንሸራተቱ ቀዳዳውን በስስ ሽፋን ለመጋረድ ይቸኵላሉ፤ ትንሹ ቍስል በጥቂት ሰዓት ይሸፈናል። ሥጋው ግን ለመሙላት ሳምንታትና ወራት ይፈልጋል።

ስለ ነጠብጣባሙ ሻርክ ደግሞ በህንድ ውቅያኖስ ተደርጎ በ2013 ዓ.ም. የታተመ ጥናት አለ። ነጠብጣቡ እንደ ጣት አሻራ ስለሚለያይ እያንዳንዱ በፎቶግራፍ ይታወቃል፤ በዚህም ታላላቅ ቍስሎች በሳምንታት ውስጥ ሲገጥሙ፥ የተቈረጠ የጀርባ ክንፍም በከፊል ሲያድግ ታየ።

ይህን የሰማ ሰው፥ «እንግዲያስ መከራ ይቻላል፤ ፍጥረት ራሱን ያድናል» ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን፥ አንባቢ ሆይ፥ ምስክሮቹ እነማን እንደ ሆኑ እንጠይቅ። ጠባሳውን ይዞ በፎቶግራፉ ፊት የቀረበው ተርፎ የተመለሰው ነው፤ አውሬ የጨረሰው፥ ወይም አምልጦ በጥልቁ የሞተው፥ ቃሉን አልሰጠም። እንግዲህ የተረፉትን ብቻ አይቶ ቍስሉ ቀላል ነበረ ማለት፥ የግማሹን ምስክር ቃል ሰምቶ እንደ መፍረድ ነው።

የድሬ ዳዋ ሰው ይህን ለማወቅ ባሕር አያስፈልገውም። በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ መጨረሻ የደቻቱ ጎርፍ በሌሊት መጥቶ ከ200 የሚበልጡ ሰዎችን ወሰደ። ከዚያ በኋላ ቤት ተሠራ፥ ገበያውም ቆመ፤ «ከተማይቱ አገገመች» ተባለ። እርግጥ ነው፤ ይህን የሠሩት እጆች ሊመሰገኑ ይገባል። ነገር ግን ልጇ በጎርፍ በተወሰደባት እናት ፊት ይህን ቃል የሚናገር ሰው፥ ያገገመውን ቈጥሮ የጐደለውን ከሒሳቡ አውጥቶአል። የተረፈውም ቢሆን፥ ጎርፉ የመጣው ከደጋው ዝናብ ነውና፥ በደንገጎ በኩል ሰማዩ በጠቈረ ጊዜ ዓይኑን ወደ ደቻቱ የሚመልስ አይጠፋም።