የማይረግፍ አበባ የማን ነው?

በኢጣልያ፣ በፍሎረንስ ከተማ፣ ቀዳማዊ ፈርዲናንዶ ደ ሜዲቺ በ1588 እ.ኤ.አ. ባቋቋመው የእጅ ሥራ ቤት ውስጥ ያለ ብሩሽና ያለ ቀለም ሥዕል ይሠራ ነበር። ኢያስጲዱ፣ ኬልቄዶኑ፣ ሰማያዊው ላፒስ ላዙሊ በስሱ ይሰነጠቃል። ከዚያም በእንጨት ቀስት ላይ በተወጠረ ሽቦ፣ እርጥብ የመፋቂያ ዱቄት እየተጨመረ፣ በንድፉ ልክ ይቆረጣል። አበባው ከነጭ ወደ ቀይ የሚሸጋገርበትን ጥላ ሠራተኛው አይቀባውም፤ በድንጋዩ ሆድ ውስጥ ተፈጥሮ ያኖረችውን ፈልጎ ያገኘዋል እንጂ። አንዲት የወፍ ክንፍ ስንት ድንጋይ አስገላብጣ ይሆን?

በ1726 እ.ኤ.አ. ገና 19 ዓመት የሆነው እንግሊዛዊው የቦፎርት መስፍን ከዚሁ ቤት አንድ ቁም ሳጥን አዘዘ። 30 ያህል ባለሙያዎች ስድስት ዓመት ግድም እንደደከሙበት ይነገራል። ወፉ፣ አበባው፣ ፍሬው ሁሉ ድንጋይ ነው። ቁመቱ አራት ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ይህ ዕቃ በ2004 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ከ19 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተሸጠ። ዛሬም የሚጠራው ባድሚንተን በተባለው የመስፍኑ ርስት ስም ነው።

እንግዲህ ይህ ውበት የማን ነው? «ያዘዘው ባይኖር አይሠራም ነበር፤ ለሠራተኛውም ዋጋው ተከፍሎታል» የሚል አይጠፋም። እውነት አለው። ያለ መሳፍንቱ ገንዘብ ይህን ያህል ድንጋይ ከሩቅ አገር ተለቅሞ አይመጣም፤ ላፒስ ላዙሊው እንኳ የአፍጋኒስታን ተራራ ልጅ ነው። ሆኖም ደመወዝ የሚገዛው ጊዜን ነው። ትክክለኛዋን ጥላ እስኪያገኝ ድረስ «ይቺም አይደለችም» እያለ ድንጋይ የሚጥለውን ዓይን ግን ማን ይከፍለዋል? እዚያ ላይ መስፍኑ ባለዕዳ ሆኖ የቀረ ይመስለኛል፤ እኛም ተመልካቾቹ።

ነገሩን የሚያወሳስበው ሙያው ራሱ ነው። በዚህ ሥራ የመጨረሻው ብልሃት መጋጠሚያው እንዳይታይ ማድረግ ነው። ሁለት ድንጋዮች ሲገናኙ ፀጉር የምታህል ክፍተት ከታየች ሥራው ተበላሸ ማለት ነው። ባለሙያው የሚኮራው የእጁን ዱካ ባጠፋው ልክ ነው። ታዲያ ስሙ ቢጠፋ ምን ይገርማል? እንዲህ ብዬ ለመርካት ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም። ሰው እጁን በፈቃዱ መሰወሩ ሌላ፣ ስሙን ሌላው ሲሰውርበት ሌላ ነው። የመጀመሪያው ትሕትና ሊሆን ይችላል። ሁለተኛውን ትሕትና ብሎ መጥራት ግን ለባለርስቱ ማድላት ነው።

የዚያን ቁም ሳጥን ፎቶግራፍ ሳይ ዓይኔ ወፎቹን ትቶ መጋጠሚያቸውን ይፈልጋል። እስካሁን አላገኘሁትም።