ባሮክም ደክሞት ነበር

ስለ ነቢዩ ኤርምያስ ብዙ ጊዜ ተምረናል፤ ስለ ጸሐፊው ስለ ባሮክ ግን እምብዛም አልተማርንም። ባሮክ የኔርያ ልጅ ነው። ኤርምያስ በአፉ እየነገረው እርሱ በክርታስ ላይ በቀለም ጻፈ። ጽፎ ብቻ አልቀረም፤ ነቢዩ ወደ ቤተ መቅደስ እንዳይገባ ተከልክሎ ስለነበረ መጽሐፉን ራሱ ተሸክሞ ሄዶ በጾም ቀን ሕዝቡ ሁሉ እየሰማ አነበበው። ከዚያ ደግሞ አለቆቹ አስጠርተውት ለእነርሱ አነበበ። በመጨረሻም መጽሐፉ ንጉሡ ኢዮአቄም ዘንድ ደረሰ። ንጉሡም በክረምት ቤቱ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጦ፣ ጥቂት ዐምድ በተነበበ ቁጥር በካራ እየቆረጠ እሳት ውስጥ ጣለው (ኤር. 36)። ባሮክ ተደብቆ ሳለ ይህን ሰማ፤ ከዚያም እንደገና ብዕሩን አንሥቶ ያንኑ መጽሐፍ ከመጀመሪያ ጻፈ።

ታዲያ ይህ ሰው ብረት አልነበረም። በሌላ ምዕራፍ እንደምናነበው፣ ሕመሙ ላይ ኀዘን እንደተጨመረበት፣ በልቅሶ እንደደከመና ዕረፍት እንዳጣ ተናግሯል። እግዚአብሔርም የመለሰለት መልስ ያስገርማል። መጽሐፍህ ይነበባል፣ ስምህ ይገናል አላለውም። ይልቁን ለራሱ ታላቅ ነገር እንዳይፈልግ ነገረው፤ በሚሄድበት ስፍራ ሁሉ ግን ነፍሱን እንደ ምርኮ እንደሚሰጠው ተስፋ ሰጠው (ኤር. 45)። ምዕራፉ አምስት ቁጥር ብቻ ነው። እኛም እስከ ዘንድሮ ድረስ ዘልለነው እናልፍ ነበር።

ዘንድሮ ያልዘለልነው በምክንያት ነው። ከእኛው መካከል አንድ ወንድማችን አለ። ስሙን እዚህ አንጽፍም፤ የሚያውቀው ያውቀዋል፤ ይህንም ጽሑፍ አስቀድሞ አንብቦ ፈቅዷል። አማርኛ በማይነገርበት ቤት አድጎ በአማርኛ ልብ ወለድ መጽሐፍ ጻፈ። አራት ዓመት ፈጀበት። የማሳተሚያውን ገንዘብ ግማሹን ከአጎቱ ተበደረ፤ ለቀሪው ደግሞ ተራው ሳይደርስ ዕጣው እንዲሰጠው ዕቁበኞቹን ለምኖ አገኘ። 500 ቅጂ ታትሞ በካርቶን ታስሮ በአውቶቡስ ጣራ ላይ፣ በጅማና በመቱ በኩል የጎሬን ቁልቁለት ወርዶ ጋምቤላ የደረሰ ዕለት መናኸሪያ ቆመን የተቀበልነው እኛ ነን። ካርቶኑን ለመሸከም ተሻምተናል!

ከዚያ በኋላ በሆነው ነገር ግን የእኛም ጥፋት አለበት፤ ስለዚህ ሳንሸሽግ እንጻፈው። መርሐ ግብር ያወጣንለት እኛ ነን። አንድ ቅዳሜ በአዳራሻችን፣ አንድ ቅዳሜ በትምህርት ቤት፣ ከዚያ ኢታንግ፣ ከዚያ አቦቦ እያልን ደረደርንለት። መጽሐፍ የሚሸጠው ደራሲው በገዛ አፉ ሲያነብና ሲፈርምበት ነው ብለን ስለ ወሰንን፣ እርሱ ሳይኖር አንዱንም ቅጂ አንሸጥም አልን። በዚያን ጊዜ ሳል ይዞት ነበር። ማታ ማታም ያተኩሰዋል። እንደምታውቁት በከተማችን ትኩሳት ሁሉ ስሙ ወባ ነው። እኛም «ወባ ነው፣ ኪኒን ዋጥበት» አልነው፤ እርሱም ደሙን ሳይመረመር ሁለት ጊዜ የወባ መድኃኒት ገዝቶ ዋጠ። ሌሊት ያልበኛል ሲል ሳቅንበት። በጋምቤላ ሌሊት የማያልበው ማን ነው? ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ መብሳቱንም አይተናል፤ አይተን ዝም አልን።

በሦስተኛው ቅዳሜ ሲያነብ ሳለ፤ መሐረቡን አወጣና ፈጥኖ አጥፎ ኪሱ ከተተው። ከፊት ወንበር የተቀመጠች አንዲት እኅታችን ደም አየች። ከጉባኤው በኋላ ለብቻው ጠርታ ብትጠይቀው «እባክሽ፣ እስከ ዕቁቡ ቀን ድረስ ዝም በይልኝ» አላት። እርሷም እየጨነቃት ሁለት ሳምንት ዝም አለችለት።

እዚህ ላይ ፈጥነን አንፍረድበት። ወንድማችን ክብር ፈልጎ አልነበረም የደበቀው። ሳል አለው፣ ደም ይተፋል ከተባለ መጽሐፉን ማን ይገዛል? ካልተሸጠ ዕቁቡን በምን ይከፍላል? ካልከፈለ ደግሞ እርሱን አምነው ተራቸውን የለቀቁት ሰዎች ይጎዳሉ። ዕዳን መክፈል ቅን ሥራ ነው፤ እርሱም ያሰበው ይህንኑ ነበር። እንግዲህ የእርሱ ፈተና በመልካምና በክፉ መካከል ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር። እርሱን የተፈተነው በሁለት መልካም ነገሮች መካከል ነው፤ የሰውን ገንዘብ በመመለስና እግዚአብሔር የሰጠውን ሥጋ በመጠበቅ መካከል።

እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት እርሱ የመጀመሪያው አይደለም። በዓለም ከታወቁት ልብ ወለድ ደራስያን አንዱ እንግሊዛዊው ቻርልስ ዲከንስ ነው። ዲከንስ ከ1858 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከመጻሕፍቱ እየመረጠ በየከተማው መድረክ ላይ በክፍያ ያነብ ነበር። ሰው ትኬት ለመግዛት ይሰለፋል፤ አዳራሹ ይሞላል። ጁን 9 ቀን 1865 እ.ኤ.አ. ይጓዝበት የነበረው ባቡር ስቴፕልኸርስት በተባለ ስፍራ ከሐዲዱ ወጣና ብዙ ሰው ሞተ፣ ቆሰለ። ዲከንስ የቆሰሉትን ከረዳ በኋላ ወደ ተንጠለጠለው ፉርጎ ተመልሶ ገብቶ የጅምር መጽሐፉን ረቂቅ አወጣ። ደራሲ ማለት እንዲህ ነው፤ ነፍሱን ትቶ ወረቀቱን ያድናል! ከዚያ ቀን ወዲያ ባቡር ሲሳፈር ይንቀጠቀጥ ነበር ይባላል፤ ጉዞውን ግን አልተወም። በ1867 እና በ1868 እ.ኤ.አ. አሜሪካን ዞሮ ሲያነብ ጉንፋን ጸንቶበት፣ እግሩ አብጦ፣ ምግብ አልዋጥ ብሎት በመጠጥና በፈሳሽ ብቻ ይውል ነበር። ተመልሶም 100 የስንብት ንባቦች ለማድረግ ተዋዋለ። በኤፕሪል 1869 እ.ኤ.አ. ፕሬስተን በተባለው ከተማ ሐኪሙ መጥቶ ንባቡን አስቆመው።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ መልካም ነበር። እርሱ ግን ሐኪሞቹን ለምኖ በ1870 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ለንደን ውስጥ 12 ንባቦችን ጨመረ። ሐኪሙ እዚያው ተቀምጦ የልቡን ትርታ ይቆጥር ነበር። አባቱ ቢወድቅ ሮጦ እንዲደግፈው ለበኩር ልጁ ተነግሮት ከመድረኩ አጠገብ ይጠብቅ ነበር። የመጨረሻውን ንባብ በማርች 15 ቀን ፈጸመ። ጁን 9 ቀን 1870 እ.ኤ.አ.፣ ባቡሩ ከተገለበጠ ልክ በአምስተኛ ዓመቱ፣ በ58 ዓመቱ ዐረፈ። በ12 ክፍል ሊያወጣው ያሰበው የመጨረሻ ልብ ወለዱ ስድስቱ ክፍል ብቻ ተጽፎ እንደ ተንጠለጠለ ቀረ።

ወዳጁ ፎርስተር በዚህ ንባብ ነገር ከመጀመሪያውም አልተስማማም ነበር። ገንዘቡ እውነት ነው፤ ዲከንስ የሚያስተዳድረው ብዙ ቤተሰብ ነበረበት። ነገር ግን ጭብጨባውንም ይወድ ነበር። እኛን የከነከነን ግን ደራሲው አይደለም፤ አዳራሹን የሞሉት ሰዎች ናቸው። ሰውየው ፊታቸው እያለቀ እነርሱ ያጨበጭባሉ። ይህን ባነበብን ጊዜ የራሳችንን አዳራሽ አየን። እኛም አጨብጭበናል።

በአገራችንም ቢሆን ብዕር ሥጋን ያስከፈላቸው ብዙ ናቸው። ጋምቤላ በኢሉባቦር ጠቅላይ ግዛት ሥር በነበረችበት ዘመን፣ በብዕሩ ብቻ ለመኖር ከሞከሩት ቀደምት ደራስያን አንዱ የነበረው አቤ ጉበኛ «አልወለድም» የተባለው መጽሐፉ ከታገደ በኋላ በግዞት የተላከው ወደዚሁ ወደ ኢሉባቦር ነው። የኢሉባቦሩ ተወላጅ በዓሉ ግርማም በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን አሳትሞ መጽሐፉ ከገበያ ተለቀመ፤ እርሱ ራሱም በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። የኢዮአቄም ካራ በይሁዳ ብቻ አልቀረም ማለት ነው። በሕመም በኩል ደግሞ ባለቅኔው ጸጋዬ ገብረ መድኅን ኩላሊቱ ታሞ ለእጥበት ሕክምና ወደ ኒው ዮርክ ሄዶ፣ እዚያው ዓመታት ኖሮ በየካቲት 1998 ዓ.ም. ዐረፈ፤ አስከሬኑም መጥቶ በአዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ።

ወደ ወንድማችን እንመለስ። እኅታችን በመጨረሻ ዝምታው ከበዳትና ከእናቶቻችን መካከል ነርስ ለሆኑት ለሲስተር ነገረቻቸው። ሲስተር ያን ዕለት በወንድማችን ላይ አልተቆጡም፤ የተቆጡት በእኛ ላይ ነው። «ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል፣ ሌሊት ላብ፣ ክሳት፣ ደም። ይህን ሁሉ እያያችሁ ወባ ትላላችሁ? ለመሆኑ ዓይን የላችሁም?» አሉን። በማግሥቱ ይዘውት ሄዱ። አክታው ተወስዶ ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ የነበረው ጭንቀት አይነገርም። እርሱ ሞትን ፈራ፤ እኛ ደግሞ፣ እውነቱን እንናገር፣ ለራሳችንም ፈራን። መስኮቱ በተዘጋ አዳራሽ ሦስት ቅዳሜ አብረነው ተቀምጠን ነበርና።

ውጤቱ የሳንባ ነቀርሳ ሆኖ ተገኘ። ሲስተር እንደ ነገሩን ይህ በሽታ ዛሬ በየቀኑ ለስድስት ወር በሚወሰድ መድኃኒት ይድናል፤ በመንግሥት ጤና ተቋም መድኃኒቱ በነፃ ይሰጣል። የሚጎዳው ሰው ተሻለኝ ብሎ ከመንገድ ሲያቋርጥ ነው፤ ያን ጊዜ በሽታው መድኃኒቱን ይለምደዋል። ከእኛም 11 ሰዎች ሄደን ተመረመርን። አሥሩ ነፃ ተባልን፤ አንዱ ተመልሶ እንዲመጣ ታዟል።

ከእኛ መካከል «ጸሎት ይበቃል፤ ኪኒኑ እምነት ማጣት ነው» ያሉ ነበሩ። ክርክሩ አንድ ሙሉ ምሽት ወሰደ። ያስታረቀን የንጉሥ ሕዝቅያስ ታሪክ ነው። ሕዝቅያስ ለሞት ታሞ ሲያለቅስ እግዚአብሔር ጸሎቱን ሰማ፤ 15 ዓመትም ጨመረለት። ያው ነቢይ ኢሳይያስ ግን በዚያው ሰዓት የበለስ ጥፍጥፍ አምጥተው ቁስሉ ላይ እንዲያደርጉለት አዘዘ (2ኛ ነገ. 20)። ተስፋውም መድኃኒቱም ከአንድ አፍ ወጡ። ታሪኩን እስከ ታች ያነበበ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ያገኛል፤ ሕዝቅያስ በዳነ ማግሥት የባቢሎን መልእክተኞች ሊጠይቁት ቢመጡ ግምጃ ቤቱን ከፍቶ ወርቁን ሁሉ አሳያቸው። ከሕመም የተነሣ ሰው ዳግመኛ ለታይታ ይቸኩላል። ስለዚህ ወንድማችን ትንሽ ሻል ሲለው የአቦቦውን መርሐ ግብር እንቀጥል ብሎ ሲጠይቀን እምቢ አልነው። ተቀይሞን ሰነበተ።

ወሬው ግን ከእኛ ቀድሞ ገበያ ደረሰ። ሦስት ሰዎች «የታመመ ሰው የነካው ነው» ብለው መጽሐፉን መልሰው ገንዘባቸውን ጠየቁ። ያን ቀን ወንድማችን ከታመመበት ቀን ይልቅ ፊቱ ጠቆረ። ይህ በሽታ የሚተላለፈው ከታማሚው ሳል በሚወጣ አየር ነው እንጂ በወረቀት፣ በእጅ መጨባበጥ ወይም በብርጭቆ አይደለም። ይህንንም ሲስተር በአዳራሹ ቆመው፣ መጽሐፉን በእጃቸው ይዘው አስረዱ። ከመለሱት አንዱ አባት መጡና መጽሐፉን መልሰው ወሰዱ፤ ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ አስጥተው አነበቡት አሉ። ፀሐዩ ባያስፈልግም ስላነበቡት አመሰገንናቸው።

ዕቁበኞቹ ዘንድ የሄድነው አምስት ሆነን ነው። ፊታቸው ቆመን የሆነውን ሁሉ ነገርናቸው። አንዲት እናት «ለምን ቀድሞ አልነገረንም? እኛ ብሩን ነው ወይስ ልጁን ነው የምንፈልገው?» ብለው አለቀሱ። ክፍያው እስከ መስከረም እንዲራዘም ተስማሙ። አንድ ሰው አልተስማማም፤ የእርሱንም ድርሻ ከመካከላችን አዋጥተን ሰጠነው።

ወንድማችን አሁን ሦስተኛ ወሩን ይዟል። ጠዋት ጠዋት ከመካከላችን አንድ አንድ ሰው በተራ ቤቱ ሄዶ መድኃኒቱን ሲውጥ ያያል፤ የተራው ስም ዝርዝር በአዳራሹ በር ላይ ተለጥፏል። ከሰዓት በኋላ ባሮ ዳር ማንጎ ዛፍ ሥር ይቀመጣል፤ ደብተር ይዞ ስናየው ምን እንደሚጽፍ አንጠይቀውም። ኢታንግ የሄዱት ሁለት እኅቶቻችን ናቸው። ደራሲው የት አለ ሲሏቸው «ታሞ ነው፤ እየታከመ ነው» ብለው እውነቱን ተናገሩና ራሳቸው አነበቡላቸው። 19 ቅጂ ሸጡ። 263 ቅጂ ይቀራል። ካርቶኖቹ ምስጥ እንዳያገኛቸው ከመሬት ከፍ ተደርገው በጽሕፈት ቤታችን ተቀምጠዋል፤ መግዛት የሚፈልግ ቁልፉን ከጸሐፊያችን ይጠይቅ።