ሁለት ቦታ ለደረሳችሁ የሐረር ልጆች

ልጆቼ፣ ሕክምና ለመማር ሁለት ቦታ ደርሷችሁ የቱን እንደምትይዙ ጨንቋችሁ የምትጠይቁኝ በርክታችኋል። በእኛ ጊዜ ይህ ጭንቀት አልነበረም፤ የተመደብንበት ሄድን። አሁን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ሆኖ የመግቢያ ፈተናውን ራሱ ስለሚሰጥ፣ አንድ ልጅ በትምህርት ሚኒስቴር ምደባ ሐረማያ ደርሶት በፈተና ደግሞ አዲስ አበባን ሊያገኝ ይችላል። ቤተሰብ ሁለት ቦታ ይከፈላል። እናት «እዚሁ አጠገቤ» ትላለች፣ አባት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ማስተማሪያ ሆስፒታል አስቦ «ጥቁር አንበሳ የሚያክል ስም አይገፋም» ይላል፤ ልጁ መሐል ላይ ይቀራል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር አጣሩ። በእጃችሁ ያለው የሕክምና ቅበላ ነው ወይስ የዩኒቨርሲቲ ቅበላ ብቻ? በብዙ ቦታ የሕክምና ወንበር የሚለየው በመጀመሪያው ዓመት ውጤት ነው። አንደኛው ቦታ ሕክምናን በእርግጠኝነት ከሰጣችሁና ሌላው «ገብታችሁ ተወዳደሩ» ካላችሁ፣ እነዚህ ሁለቱ አይወዳደሩም። ሬጅስትራር ቢሮ ገብታችሁ ጠይቁ። የጓደኛ ወሬና የቴሌግራም ወሬ አይበቃም።

ሁለቱም እውነተኛ የሕክምና ቅበላ ከሆኑ ግን ሐሳቤን ሳልደብቅ ልናገር። ከሐረርና ከአካባቢዋ ለወጣ፣ በሽተኛ ማከም ለሚፈልግ ልጅ የመጀመሪያ ዲግሪውን እዚሁ ቢማር ይሻለዋል ባይ ነኝ። ምክንያቱ የእናት እጅ ምግብ አይደለም።

የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ወደ ድሬዳዋ በሚወስደው መንገድ ላይ ቢሆንም፣ የጤናና ሕክምና ሳይንስ ኮሌጁ ሐረር ከተማ ውስጥ ነው፤ ማስተማሪያ ሆስፒታሉም ሕይወት ፋና ነው። ሕይወት ፋና ማለዳ ግቡና በካርድ ክፍሉ በኩል እለፉ። ከፈዲስ፣ ከግራዋ፣ ከበደኖ፣ ከጉርሱም፣ ከባቢሌ የመጣ ሰው ተሰልፏል። ከሶማሌ ክልል ሌሊቱን ሲጓዝ ያደረ አለ። አብዛኛው ሕመሙን የሚናገረው በአፋን ኦሮሞ ነው፣ አንዳንዱ በሶማሊኛ፣ ከጁገል የመጡ እናት በሐረሪ። አንዲት እናት ልጇን ታቅፋ ሕመሙ መቼ እንደጀመረ፣ ምን እንዳበላችው፣ መንደር ውስጥ ምን እንዳደረጉለት፣ ሌሊቱን እንዴት እንዳደረ ረዥም ታሪክ ትናገራለች። ቋንቋውን የማያውቀው ተማሪ ወደ ጥበቃው ወይም ወደ ጽዳት ሠራተኛዋ ዞሮ «ምን አለች?» ሲል «ያስቀምጠዋል፣ ያተኩሰዋል ነው የምትለው» የሚል መልስ ያገኛል። ከዚያ ሁሉ ታሪክ ካርዱ ላይ የሚሰፍረው ይኸው ነው። ለምርመራው የሚያስፈልገው ግን የቀረው ነበር። እናንተ ፈረስ መጋላ ላይ ሦስት ቋንቋ እየቀያየራችሁ ያደጋችሁ ልጆች ያንን የቀረውን ትሰማላችሁ። ሕክምና ከመማራችሁ በፊት ይዛችሁት የምትገቡት ሀብት ነው፤ ከዚህ ርቃችሁ ስትማሩ ግማሹ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል።

ሌላም አለ። ሐረር በሕክምና ታሪክ ጀማሪ አይደለችም። የካፑቺን ሚሲዮናውያን የሥጋ ደዌ ሕሙማን መጠለያ እዚህ የከፈቱት እ.ኤ.አ. በ1901 ነው። ወደ ባቢሌ በሚወስደው መንገድ ያለውን የቢሲዲሞ ሆስፒታል ደግሞ የጀርመን የሥጋ ደዌ ረድኤት ማኅበር ከተመሠረተበት ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ደግፎታል። ዛሬም ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ከለንደኑ የሐይጂንና የትሮፒካል ሕክምና ትምህርት ቤት ጋር ሆኖ በሐረርና በቀርሳ ሕፃናት ለምን እንደሚሞቱ ያጠናል፤ የወላጆችን ፈቃድ ጠይቆ ከሞተው ሕፃን አካል በመርፌ ናሙና በመውሰድ የሞቱን ምክንያት እስከማጣራት ይደርሳል። ልጁን ያጣ አባት ዘንድ ሄዶ ይህን ፈቃድ በክብር መጠየቅ ራሱ ትልቅ ትምህርት ነው። ምርምር አዲስ አበባ ብቻ የሚመስላችሁ ካላችሁ ይህን አስቡ።

ጥቁር አንበሳን ግን አላሳንሰውም። የአዲስ አበባው የሕክምና ፋኩልቲ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1964 ሲሆን በአገሪቱ ያሉ ስመ ጥር ሐኪሞች ብዙዎቹ እዚያ ተምረዋል። በሌላ ቦታ የማይገኝ የንዑስ ስፔሻሊቲ ዘርፍ እዚያ ይገኛል። ለብዙ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ሕክምና ማዕከልም እርሱ ነበር። ነገር ግን ከየክልሉ ተልኮ የመጣ አስቸጋሪ በሽተኛ አልጋ አጠገብ የሚቆመው ማን ነው? ሲኒየሩ፣ ፌሎው፣ ሬዚደንቱ፣ ኢንተርኑ፣ ከዚያ በኋላ እናንተ። ብርቅ በሽታ ታያላችሁ፤ የተለመደውን ወባ፣ የሳንባ ምች፣ የተራዘመ ምጥ በራሳችሁ እጅ ለመያዝ ግን ተራችሁን ትጠብቃላችሁ። ጠቅላላ ሐኪም ሆናችሁ ወረዳ ሆስፒታል ስትመደቡ በር የሚያንኳኳው የተለመደው ነው።

ስሙ ደግሞ እንደምታስቡት አይወስንም። የሙያ ፈቃድ ፈተናው አገር አቀፍ ነው፣ ሐረር የተማረም አዲስ አበባ የተማረም ለአንድ ፈተና ይቀመጣል። ስፔሻሊቲም የሚገባው በአገር አቀፍ ውድድር ስለሆነ፣ ሐረር ተመርቃችሁ ለቀዶ ሕክምና ወይም ለልብ አዲስ አበባ መሄድ ትችላላችሁ። በሩ ዛሬ አይዘጋባችሁም።

«ወጥቶ መማር ሰው ያደርጋል» የሚሉም አሉ፤ አልቃወማቸውም። ዶክተር መላኩ በያን ያደጉት እዚሁ ሐረር፣ በራስ መኮንን ግቢ ነው። አሜሪካ ሄደው መጀመሪያ ኦሃዮ ተማሩ፤ የሕክምና ዲግሪያቸውን ግን የያዙት ዋሽንግተን ከሚገኘው ከሃዋርድ፣ ከጥቁር አሜሪካውያን ዩኒቨርሲቲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 ተመርቀው ጣልያን ሊወር በተነሳበት ሰዓት አገራቸው ገቡና ቁስለኛ አከሙ። ከወረራው በኋላም በ1937 ኒው ዮርክ ላይ የኢትዮጵያ ዓለም ፌዴሬሽንን ያቋቋሙት ከሃዋርድ ዘመናቸው ጀምሮ በተሳሰሯቸው ጥቁር አሜሪካውያን መሐል ቆመው ነው። ርቀው ሄደዋል፣ ግን የሄዱት ከሰዎች ጋር የሚያስተሳስራቸው ቦታ ነበር። ከእናንተም መሐል ልቡ ወደ ምርምር፣ ወደ አንድ ጠባብ ስፔሻሊቲ ያዘነበለ፣ ወይም ከሐረር ሰማይ ውጭ ራሱን ያላየ ካለ፣ አዲስ አበባ ይሂድ። ለእርሱ የእኔ ምክር አይሠራም።

በተለይ ለሴቶች ልጆች የምለው አለኝ። ቤተሰብ «ሴት ልጅ ርቃ አትሄድም» ስላለ ብቻ ሐረርን እንዳትይዢ። ሐረርን ያዢው፣ ግን አይተሽ፣ መዝነሽ፣ የራስሽ ምርጫ አድርገሽ። በፍርሃት የቀረች ልጅ አራተኛ ዓመት ላይ፣ አዳር ተረኛ ሆና ስትደክም፣ የምትወቅሰው እናቷን ነው። አባቶችም ስሙኝ፤ ለወንዱ ልጃችሁ የማትነፍጉትን መንገድ ለእኅቱ አትንፈጉ።

ገንዘቡን አጭር ላድርገው። የመንግሥት ትምህርት በወጪ መጋራት ስለሆነ ዕዳው ከምረቃ በኋላ ይከተላችኋል። አዲስ አበባ ላይ የኪስ፣ የትራንስፖርትና የመጽሐፍ ወጪ ከሐረሩ ይበልጣል፤ የሕክምና ትምህርት ደግሞ ረዥም ነው። ሐኪም መሆን ወዲያው ሀብት እንዳልሆነም በ2017 ዓ.ም. ግንቦት የጤና ባለሙያዎች በደመወዝ ጥያቄ ሥራ እስከማቆም ሲደርሱ አይታችኋል። ወላጅ ጥሪት ሸጦ ከሚልካችሁ ሌላ ዕዳ ሳትጨምሩ እዚሁ ብትማሩ ይሻላል።

እንግዲህ ምን ታድርጉ? የሁለቱንም ቦታ የሲ-ዋን (የመጀመሪያ ክሊኒካል ዓመት) ተማሪና ኢንተርን ፈልጉ፤ ከሰፈራችሁ ልጅ አይጠፋም። እነዚህን ጠይቋቸው። ራውንድ ላይ አንድ አልጋ ስንት ተማሪ ይከበዋል? የመጀመሪያውን የወገብ ፈሳሽ ስትቀዱ ማን አጠገባችሁ ቆመ? ሳትመረቁ ስንት እናት አዋለዳችሁ? ሌሊት ሲኒየር ስትጠሩ ይመጣል ወይስ በስልክ ይመልሳል? ደም ሲያስፈልግ የደም ባንኩ በስንት ሰዓት ያደርሳል? የሳምንቱ የኬዝ ውይይት በእርግጥ ይካሄዳል ወይስ ፕሮግራም ላይ ብቻ ነው? መልሱን ጻፉት። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ስታስቀምጡ አንዱ የሌላውን ስም ሊያስረሳችሁ ይችላል። የሐረሩ ወረቀት ደካማ ሆኖ ከተገኘ፣ ያልኩትን ትታችሁ ሂዱ።

ከወሰናችሁ በኋላ የምዝገባ ቀኑን አትለፉ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ኦሪጅናል ማስረጃችሁን አዘጋጁ፤ የማትይዙትንም ቦታ በጊዜ አሳውቁ፣ ወንበሩን የሚጠብቅ ሌላ ልጅ ሊኖር ይችላል።