በቀዳሚት ሰንበት መዶሻ ማንሣት

በደብረ ማርቆስ ከተማ አምስቱን የሥራ ቀን በመሥሪያ ቤት ወይም በትምህርት ቤት ያሳለፈ ሰው፥ ቅዳሜ ማለዳ ወደ ተወለደበት አገር፥ ወደ ስናን ወይም ወደ ማቻከል፥ ወደ አነደድ ወይም ወደ ባሶ ሊበን ወጥቶ፥ የወላጆቹን ቤት ያዘመመ አጥር ሲያቃና፥ ከማጠፊያው የወለቀ መዝጊያ ሲገጥም፥ ነፋስ የገለበጠውን ቆርቆሮ መልሶ ሲመታ ማየት በዘመናችን የተለመደ ነገር ሆኗል። ታዲያ ይህ ሰው ምስማሩን በከንፈሩ ይዞ በመሰላሉ ላይ ቆሞ ሳለ፥ ከቅዳሴ የሚመለሱ አንድ ሽማግሌ ከደጁ ላይ ቆም ብለው «ልጄ፥ ዛሬ እኮ ቀዳሚት ሰንበት ናት» ቢሉት፥ ሊሰጣቸው የሚገባው መልስ ምንድን ነው? ይቅርታ ጠይቆ ይውረድን? ወይስ በሰንበት ሰውን ከድካሙ የሚያሳርፈው ሕግ፥ የወላጆቹን ቤት መጠበቅን ከድካም አይቆጥርበትም? ነገሩ ብዙ ጊዜ ሲያሳስበኝ የኖረ ስለ ሆነ፥ ከመጻሕፍትም ከአገራችንም ልማድ ያገኘሁትን ላቀርብ እወዳለሁ።

ጥያቄው ቀላል የሚመስለው የቤተ ክርስቲያናችንን ታሪክ ላልተመለከተ ሰው ብቻ ነው፤ በሰንበት ምክንያት በኢትዮጵያ ምድር ሰው ተሰዷል፥ ደምም ፈሷል። አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ቀዳሚት ሰንበት ከሰንበተ ክርስቲያን፥ ከእሑድ፥ ጋራ በእኩልነት ትከበር ብለው በማስተማራቸው ተቃውሞ ቢጸናባቸው አገራቸውን ትተው ወጡ፤ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1352 ዓመተ ምሕረትም በአርመን ምድር ዐረፉ። ደቀ መዛሙርታቸው ከክህነት ተከልክለው ብዙ ዘመን ሲገፉ ከኖሩ በኋላ፥ በ1404 ዐፄ ዳዊት እንደ ሥርዓታቸው ቀዳሚትን ያከብሩ ዘንድ ፈቀዱላቸው፤ ልጃቸው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብም በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ አድርገው የሁለቱ ሰንበታት ክብር ለመላው ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ሆኖ እንዲጸና አደረጉ። ዐፄ ሱስንዮስ ደግሞ የኢየሱሳውያንን ትምህርት ተቀብለው ቀዳሚትን ማክበር በከለከሉ ጊዜ፥ የዳሞት ሕዝብ ለሰንበቱ ሲል በንጉሡ ላይ ተነሣ፤ ነገሩም በ1632 የቀደመው ሃይማኖት እስኪመለስ ድረስ አልበረደም። እንግዲህ ሽማግሌው ከደጁ ላይ ቆመው የተናገሯት አንዲት ቃል ከኋላዋ የብዙ ሰማዕታት ድምፅ አለባትና፥ በችኮላ «ጊዜው ተለውጧል» ብሎ ማለፍ ጨዋነትም ሃይማኖትም አይደለም።

ነገር ግን እነዚያ አባቶች የተሟገቱለት ሰንበት ምን ዓይነት ሰንበት እንደ ነበረ ማስተዋል ያሻል። ዐፄ ገላውዴዎስ በ1555 ገደማ፥ ኢትዮጵያውያን ወደ አይሁድ ሥርዓት አዘንብለዋል እያሉ ለሚነቅፏቸው የሮም ካህናት ሃይማኖታቸውን ሲያስረዱ፥ ቀዳሚትን የምናከብራት ውኃ እንደማይቀዱባት፥ እሳት እንደማያነዱባት፥ እንጀራ እንደማይጋግሩባትና ከቤት ወደ ቤት እንደማይሄዱባት አይሁድ አይደለም አሉ፤ ሐዋርያት በትምህርታቸው መጽሐፍ በዲድስቅልያ እንዳዘዙ፥ ቍርባን እያቀረብንና የፍቅር ማዕድ እያዘጋጀን ነው የምናከብራት ሲሉም ገለጹ። በዚህ የንጉሥ ምላሽ ውስጥ ትልቅ ነገር ተሰውሮ አለ፤ ይኸውም ለሰንበት የተሰደዱት አባቶች ልጆች ሰንበትን በክልከላዎች ብዛት ሳይሆን በምትሞላበት ነገር፥ በምስጋናና በፍቅር፥ መለካታቸው ነው።

ከዚህ ወደ ጥንተ ፍጥረት ወጥተን ብንመለከት ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። እግዚአብሔር አዳምን በገነት ባኖረው ጊዜ ስፍራይቱን እንዲንከባከብና እንዲጠብቅ አዘዘው፤ ይህም ትእዛዝ የተሰጠው ከበደል በፊት ነው። የፊት ወዝና እሾኽ፥ ምድርም በግድ እህሏን መስጠቷ በኋላ የመጣ ፍርድ ነው። ስለዚህ በሰው ልጅ እጅ ላይ ሁለት ዓይነት ሥራ እናገኛለን ማለት ነው፤ አንደኛው ከመርገም የተወለደውና ረኃብ የሚነዳው ድካም፥ ሁለተኛው ከመርገም የሚቀድመውና ከፍቅር የሚወጣው ጥበቃ። ሰንበትም ከመርገም በፊት ተባርካለችና ከጥበቃ ጋራ እኅትማማች ናት፤ የምትቃወመው ድካምን ነው። ቤቱ እንዳይፈርስ የሚደግፍ፥ ዛፉ እንዳይሞት ደረቁን የሚመለምል፥ አባቱ ተክለውት የነበረውን አጥር የሚያድስ ሰው ከሁለቱ የትኛውን እንደሚሠራ ለማወቅ፥ ከሥራው ምን እንደሚጠብቅ መጠየቅ ነው፤ ይሸጠዋልን? ያተርፍበታልን? ወይስ የተቀበለውን ሳይጐድል ለማቆየት ብቻ ይተጋበታል?

ደብረ ማርቆስ ራሷ በዚህ ነገር ምስክርነት የምትሰጥ ከተማ ናት። ቀድሞ መንቆረር ትባል የነበረችው ይህች ከተማ የዛሬ ስሟን ያገኘችው የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ካሠሩት ከቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ በዓሉንም በሚያዝያ 30 ታከብራለች። ከአራቱ ወንጌላውያን መካከል ሰንበት ለሰው ጥቅም እንጂ ሰው ለሰንበት አለመፈጠሩን የሚያስረዳውን የጌታን ቃል የጻፈልን ማርቆስ ብቻ ነው፤ ማቴዎስና ሉቃስ እሸት ስለ ቀጠፉት ደቀ መዛሙርት ሲተርኩ ያችን ቃል አልጻፏትም። ከዚህም ጋራ፥ ማቴዎስ ጌታን የናዝሬት ሰዎች የጸራቢ ልጅ እንዳሉት ሲጽፍ፥ እርሱን ራሱን ጸራቢ ብለው መጥራታቸውን የነገረን ማርቆስ ነው። መድኃኔ ዓለም መጥረቢያና መሮ የያዘ፥ የጎረቤቶቹን በርና ቀንበር በእጁ ያስተካከለ እንደ ሆነ እንድናስብ የሚያደርገን፥ የከተማችን ባለ ታቦት ወንጌላዊ ነው።

የናዝሬት ሰዎች ያን ቃል የተናገሩት አክብረውት አለመሆኑን ግን መርሳት አይገባም፤ እጁ ሥራ የያዘ ሰው ጥበብ አይኖረውም ብለው ተሰናከሉበት እንጂ። ይህ መሰናከል ወደ እኛም አገር ገብቶ ብዙ ዘመን ተቀምጧል። በጎጃም ደጋ የሚያርሰውን መገበሪያ የሚሰጥ ብለን ስናከብር፥ ማረሻውን የሚሠራለትን ቀጥቃጭ፥ ልብሱን የሚሠራለትን ሸማኔ፥ ጠፍሩን የሚያለፋለትን ፋቂ ከማዕዳችንና ከጋብቻችን አርቀን፥ በሌሊት ጅብ ይሆናል እያልን ስም አወጣንለት። ዐፄ ምኒልክ በኢትዮጵያ አቈጣጠር በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ በዐዋጅ እስከ መናገር መድረሳቸው የበሽታውን ጽናት ያሳያል። ተግባረ እድን በሰንበት የሚከለክል ልማድ አንዳንዴ ከሰንበት ክብር ይልቅ ከዚህ አሮጌ ንቀት ኃይሉን እንደሚቀበል እጠረጥራለሁ፤ ምክንያቱም በዚያው ቀን ከብት መጠበቅና ለሙግት ሽምግልና መቀመጥ ማንንም ሲያስደነግጥ አላየንም፥ መሮ የያዘ ሰው ግን ያስደነግጣል።

በእጅ መሥራት ከጸሎት ጋራ እንደማይጣላ የገዳም አባቶች አስቀድመው ያውቁ ነበር። በዓላቸው ጥር 22 የሚውለው አባ እንጦንስ በበረሃ ሳሉ ልባቸው ቢዝልባቸው፥ መልአክ በሰው አምሳል ተገልጦ ተቀምጦ ገመድ ሲጎነጉን፥ ተነሥቶ ሲጸልይ፥ ተመልሶም ሲጎነጉን አሳያቸው፤ ብዙ መነኮሳትም ከዚያ ወዲህ ይህን ሥርዓት ይዘው ኖሩ። የገጠር ቤት ጥገናም በዚህ መንገድ ሰውን የሚያስተምር ነው። ጭቃውን ዛሬ አቡክቶ ዛሬውኑ የሚመርግ ሰው ግድግዳው ሳይውል ሳያድር ይሰነጠቅበታል፤ አፈሩ ከጤፍ ጭድ ጋራ ተቀላቅሎ፥ ውኃውን ጠጥቶ፥ በእግር ተረግጦ፥ ቀናት ቆይቶ ጭዱ ሲለሰልስና ሽታው ሲለወጥ ነው ማገሩን አጥብቆ የሚይዘው። በጣሪያው ላይ ያዘነበለውን የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ለመቍረጥ የሚወጣም ሰው አስቀድሞ ገመዱን ከበላዩ ባለ ጠንካራ ባላ ላይ አሳልፎ ቅርንጫፉን ያስራል፥ ጫፉንም ከታች ለሚቆም ወንድሙ ይሰጣል፤ መጋዙንም መጀመሪያ ከቅርንጫፉ በታች በኩል ጥቂት አስገብቶ ካወጣ በኋላ ነው ከላይ የሚጀምረው፤ ይህን ካላደረገ ቅርንጫፉ በክብደቱ ተገንጥሎ የግንዱን ልጥ እስከ ሥሩ ገፍፎ ይወርዳል። እንዲህ ያለው ሥራ ችኮላን አይወድም፥ ትዕቢትንም አይምርም፤ በሳምንቱ ውስጥ በወረቀትና በስብሰባ የተበተነ ልብ ከዛፉ ላይ ሲደርስ ሳይወድ በግድ ይሰበሰባል።

ደግሞም በጎልማሳነት ዕድሜ ዛፍ መውጣት ለባለ ማዕርግ ነውር ነው የሚሉ አሉ። የቀራጮች አለቃ የነበረው ዘኬዎስ ግን በሾላ ዛፍ ላይ ወጥቶ ሳለ ጌታ ቀና ብሎ በስሙ ጠራው፥ የጠራውም ወደ ቤቱ ሊገባ ነው።

አሁን ወደ ሽማግሌው ተመልሼ የእርሳቸውን ወገን መናገር አለብኝ፤ ምክንያቱም እርሳቸው የሚጠብቁት ነገር እውነተኛ ነው። በደጋው አገር በ12 ሚካኤል፥ በ21 ማርያም፥ በ27 መድኃኔ ዓለም፥ በ29 በዓለ ወልድ፥ በሁለቱም ሰንበታት ሞፈር አይነሣም፤ በዓል ሽሮ ያረሰ ሰው በረዶ ያስመታናል ተብሎ ይፈራል፥ ጎረቤትም ይቈጣዋል። የተማረው ሰው ይህን ሲሰማ ስለ ደመናና ስለ ነፋስ ሊያስረዳ ይቸኩላል፤ እኔ ግን ከበረዶው ፍርሃት በታች አንድ የጸና ፍትሕ ተቀብሮ ይታየኛል። ዕረፍት ብቻውን ሰው ሊይዘው የማይችል ነገር ነው፤ ሁለት ጥማድ በሬ ያለው ባለጠጋ በሰንበት ማረስ ቢጀምር፥ አንድ በሬውን ከጎረቤቱ በሬ ጋራ አቀናጅቶ የሚያርሰው ድኃ ወቅቱ እንዳያመልጠው ሲፈራ ተነሥቶ ያርሳል፤ ምንም በሬ የሌለው ደግሞ ለእነርሱ ለመቀጠር ይሄዳል፤ ሎሌውም፥ አህያውም፥ በሬውም በአንድ ሰው ስስት ምክንያት ዕረፍታቸውን ያጣሉ። ኦሪት የሰንበትን ትእዛዝ ስትሰጥ ወንድና ሴት አገልጋዩን፥ በሬውንና አህያውን፥ በደጅ ያለውንም መጻተኛ በስማቸው መጥራቷ ስለዚህ ነው፤ በሐዋርያት ስም የተጻፉት የሥርዓት መጻሕፍትም አገልጋዮች አምስት ቀን ሠርተው በሁለቱ ሰንበታት እንዲያርፉና ቤተ ክርስቲያን እንዲሄዱ ያዝዛሉ። መላው መንደር አንድ ሆኖ ሞፈሩን ካልሰቀለ ደካማው አያርፍም፤ ሽማግሌዎቻችን የጠበቁልን አጥር ይህ ነው፥ እርሱን የሚያፈርስ ሰው የቤቱን አጥር ቢያድስ ምንም አልሠራም።

እንግዲህ የእኔ ፍርድ ከዚህ ይወጣል። በቀዳሚት ሰንበት መዶሻ ያነሣ ሰው ሸክሙ በማን ላይ እንደሚወድቅ ይጠየቅ። በሬ ጠምዶ፥ አህያ ጭኖ፥ የቀን ሠራተኛ አቁሞ ከሆነ፥ ሥራው ጥገና ቢባልም ሰንበትን ሽሯል። በገዛ እጁና በገዛ ፈቃዱ፥ ከቅዳሴ በኋላ፥ ያለ ዋጋና ያለ ችኮላ የወላጆቹን መዝጊያ ከገጠመ ግን፥ አዳም ከመርገም በፊት የተሰጠውን አገልግሎት ፈጸመ እንጂ አልበደለም። ሰንበተ ክርስቲያን ለትንሣኤው ተለይታ ትቆይ፤ ሆኖም ዝናቡ በጎታው ላይ ቢወርድ፥ በሰንበት ከጕድጓድ ስለሚወጣው በሬ የተናገረው ጌታ መልሱን አስቀድሞ ሰጥቶናል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ግን፥ ስለ መዶሻው ስንከራከር ማንም የማይጠይቃት አንዲት ሰው በዚያው ግቢ ውስጥ መኖሯ ነው። ባልየው ሰንበት ነው ብሎ ጋቢውን ተከናንቦ በዋርካው ጥላ ሥር ሲቀመጥ፥ ሚስቲቱ ከወንዝ ውኃ ትቀዳለች፥ በጢስ ውስጥ እንጀራ ትጋግራለች፥ ለእንግዳው ቡና ታፈላለች፤ ይህን ሥራ ማንም በረዶ ያመጣል አላለም። ወንድ ልጅ በቅዳሜ ጧት ከጣሪያው ጠርዝ ላይ አሸንዳ ገጥሞ የዝናቡን ውኃ ወደ በርሜል ቢመራ፥ የማዕድ ቤቱን ጢስ መውጫ ቢከፍት፥ የሚወዛወዘውን የምጣድ ጕልቻ ቢያጸናላት፥ ሰንበትን ሰንበት ወዳልደረሰባት ሰው አደረሰ እላለሁ።

ስለዚህ የነፍስ አባቶቻችንን፥ በየአጥቢያው ያላችሁትንም የሰበካ ጉባኤ አባላት የምለምነው፥ ወጣቱ ይህን ጥያቄ ይዞ ሲመጣ በአንዲት የተግሣጽ ቃል እንዳትመልሱት፥ በጉባኤም ላይ በግልጥ እንድታስተምሩበት ነው። እናንተም መጋዝና መዶሻ መያዝ የምትችሉ የደብረ ማርቆስ ልጆች፥ በደብረ ኤልያስና በሌሎቹም የአብነት ትምህርት ቤቶች ያሉት ተማሪዎች ጎጆአቸውን በገዛ እጃቸው ቀልሰው የሚኖሩ ናቸውና፥ የሰኔ ዝናብ ሳይጀምር ከግንቦት ቅዳሜዎች አንዱን ለእነርሱ ስጡ፤ ሣሩን፥ ማገሩንና ገመዱን ይዛችሁ ከቅዳሴ በኋላ ሂዱ።