የመስመር መጨረሻና የጽሑፍ ማንነት

የአንድ ፋይል የመስመር መጨረሻ ምልክቶች ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ ሥርዓት ሲቀየሩ፣ ከለውጡ በኋላ የሚገኘው ጽሑፍ ያው የቀድሞው ነውን? ይህ የሙያተኞች ብቻ የሚመስል ጥያቄ በመሠረቱ የማንነት ጥያቄ ነው፤ አንድ ነገር ምኑን ሲያጣ ራሱ መሆኑ እንደሚቀር ይመረምራልና።

የልዩነቱ ምንጭ ቴሌታይፕ፣ ማለትም በሽቦ የመጣን መልእክት በወረቀት ላይ የሚያትም መሣሪያ ነው። በዚህ መሣሪያ አዲስ መስመር ለመጀመር የማተሚያውን ራስ ወደ መስመሩ መነሻ መመለስና ወረቀቱን አንድ መስመር ማንሸራተት ያስፈልግ ነበር፤ በ1963 እ.ኤ.አ. የወጣው አስኪ የተባለው ፊደላትን በቁጥር የሚወክል ሥርዓትም ለመጀመሪያው ትእዛዝ 13ን፣ ለሁለተኛው 10ን መደበ። ዩኒክስና እንደ ሊኑክስ ያሉ ተከታዮቹ 10ን ብቻ፣ ዶስና ዊንዶውስ ሁለቱንም፣ የቀድሞው ማክንቶሽ 13ን ብቻ ያዙ።

አሜሪካዊው ፈላስፋ ኔልሰን ጉድማን በ1968 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራው፣ የአንድን ድርሰት ማንነት የሚወስነው የፊደላቱ፣ የክፍተቶቹና የሥርዓተ ነጥቦቹ ቅደም ተከተል እንጂ የተጻፈበት ቁስ አለመሆኑን ይሞግታል። በዚህ እይታ፣ ለውጡ የሚነካው የመስመሩን ማለቅ ሳይሆን ማለቁ የሚታወቅበትን ቁጥር ስለሆነ፣ አንዱ ጸሐፊ የጻፈውን ሌላው በራሱ የእጅ ጽሕፈት እንደ መገልበጥ ይቆጠራል፤ ጽሑፉም ያው ነው።

ይሁን እንጂ ሁሉም አንባቢ ሰው አይደለም። የፋይልን ባይቶች፣ ማለትም ፋይሉ የተጻፈባቸውን ቁጥሮች፣ ሁሉ አስልቶ እንደ አሻራ የሚያገለግል ቁጥር የሚያወጣው ሃሽ የተባለው ስሌት፣ አንድ 13 በተጨመረ ቁጥር ፈጽሞ ሌላ ውጤት ይሰጣል። በሊኑክስም የአንድ የትእዛዝ ፋይል የመጀመሪያ መስመር አስፈጻሚውን ፕሮግራም የሚጠራ ከሆነ፣ በመስመሩ ጫፍ የቀረ 13 የስሙ አካል ሆኖ ስለሚነበብ ፕሮግራሙ አይገኝም። ከዚህም የሚከብደው በምስል ፋይል ውስጥ የሚገኝ 10 የመስመር መጨረሻ ሳይሆን የምስሉ ክፍል ሊሆን መቻሉና ባይቱ ራሱ የትኛው እንደሆነ አለመናገሩ ነው። የፒኤንጂ ምስል ቅርጽ ነዳፊዎች ይህን በሚገባ ተረድተው ነበር፤ በፋይሉ የመጀመሪያ 8 ባይቶች ውስጥ 13ንና 10ን አከታትለው፣ በመጨረሻም ብቻውን የቆመ 10ን ያስገቡት፣ ያለቦታው የተደረገ ለውጥ ወዲያው እንዲጋለጥ ነው።

እንግዲህ የጽሑፍ አንድነት በባይቶቹ ውስጥ ተቀምጦ የሚጠብቅ ሳይሆን ፋይሉ ለማንና ለምን እንደተጻፈ በሚያውቅ ፍርድ የሚጸና ነው፤ ይህም ለዋጩን ከመሣሪያ አንቀሳቃሽነት ወደ ተርጓሚነት ያሸጋግረዋል፣ ኃላፊነትንም ያሸክመዋል። በተለይ ሁለቱ ዓይነት ምልክቶች የተቀላቀሉበት ፋይል አንዴ ወደ አንድ ወጥ ሥርዓት ከተቀየረ የትኛው መስመር በየትኛው ምልክት ያልቅ እንደነበር ከፋይሉ ብቻ መልሶ ማወቅ ስለማይቻል፣ የፋይሉን ምንነት ያላረጋገጠና ዋናውን ቅጂ ያላስቀመጠ ሰው ሊቀይረው አይገባም።