የዘገየ ሁሉ አልቀረም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፤ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ እኛ የጥሊሊ ልጆች በተለይ ስለ ሁለት ነገር ስንጸልይ ቆይተናል፤ ይኸውም ስለ ሰላምና ስለ ትምህርታችን ነው። የዩኒቨርሲቲ ጥሪ ስንጠብቅ ወራት አለፉብን። ከመካከላችን አንዱ ወንድማችን ከመዝሙር ጥናት ቀረ። ልንጠይቀው ቤቱ በሄድን ጊዜ «ስንት ጊዜ ልለምን? ቢሰማኝማ ኖሮ እስከ አሁን ይመልስልኝ ነበር» አለን። የምንመልስለት አጥተን ወጣን። ይህ ጽሑፍ ያን ቀን ያልመለስነው መልስ ነው።

አብርሃም ከካራን ሲወጣ 75 ዓመቱ ነበር፤ ይስሐቅን ያቀፈው ግን በ100 ዓመቱ ነው። ዮሴፍ በ17 ዓመቱ ተሸጦ በፈርዖን ፊት የቆመው በ30 ዓመቱ ነው፤ አስታውሰኝ ብሎ የለመነው የጠጅ አሳላፊም ሁለት ዓመት ሙሉ ረስቶት ነበር። ሰው ረሳው እንጂ እግዚአብሔር አልረሳውም።

ሐናን ደግሞ እንመልከት (1ኛ ሳሙ. 1)። ሐና ምሬቷን አልደበቀችም፤ ካህኑ ዔሊ የሰከረች እስኪመስለው ድረስ አልቅሳ ለመነች። ስለዚህ ትዕግሥት ማለት ኀዘንን መዋጥ አይደለም። የወንድማችንም ምሬት ወደ ጓደኛ ብቻ ሳይሆን ወደ እግዚአብሔር ቢነገር ኖሮ እርሱ ራሱ ጸሎት በሆነ ነበር። ሐና ከጸሎቷ ስትነሣ ገና ልጅ አልፀነሰችም፤ ነገር ግን በላች፣ ፊቷም እንደ ቀድሞው አላዘነም። ልመናዋን ሳታገኝ አስቀድማ ዕረፍት አገኘች።

የአገራችንንም ገበሬ እንይ። የዲከረንስ ችግኝ የተከለ ሰው ዛፉን ቆርጦ ለማክሰል አራት አምስት ዓመት ይጠብቃል። እጁን አጣጥፎ ግን አይቀመጥም፤ በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መካከል ጤፍ ይዘራል፣ ቀጥሎም ሣሩን ያጭዳል። እኛም ጥሪ እስኪመጣ መጽሐፋችንን አንዘጋም፣ ታናናሾቻችንን ማስተማር አናቆምም።

«ዲከረንሱስ በሽታ ገብቶበት ደርቆ የለምን?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ በቅርብ ዓመታት ብዙ አባቶቻችን የደከሙበትን አጥተዋል። ጸሎትም ሁሉ እንደ ፈቃዳችን አይመለስም። ቅዱስ ጳውሎስ የሥጋው መውጊያ እንዲርቅለት ሦስት ጊዜ ለመነ፤ የተሰጠው ግን የሚችልበት ጸጋ ነው (2ኛ ቆሮ. 12)። እንግዲህ ተስፋችን በምንለምነው ነገር ላይ ብቻ ቢቆም ነገሩ ሲደርቅ አብሮ ይደርቃል፤ በሰጪው ላይ ቢቆም ግን ይጸናል።

ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፤ 41 ጊዜ «ኪርያላይሶን» ስንል በ10ኛው አንሰለችም። የሰላሙንም ልመና እንዲሁ አንተው። ወንድማችን እስከ ዛሬ አልተመለሰም፤ እኛም ደጁን መርገጥ አልተውንም። እግዚአብሔር የእኛን መመለስ ስንት ዘመን እንደ ታገሠ ስናስብ፣ የእኛ መጠበቅ ምን ያህል አጭር ነው!

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።